ጂፒኤሱ ታፈነ ወይስ ሰማዩ ታወከ? ከገርጂ ጣሪያ ላይ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬ አንቴናውን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። የምሠራው ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ነው። የጂፒኤስ መቀበያ ቦታውን መናገር ሲያቅተው ወይም ሲዋዥቅ፣ ምክንያቱን ለይቶ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። ሆን ተብሎ የሚደረግ ማፈን አለ። ማንም ሳያስበው ከሌላ መሣሪያ አፈትልኮ የሚገባ ሞገድ አለ። ሕንጻና ዛፍ የሚያመጡት መከለል አለ። እኛ ባለንበት የምድር ክፍል ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚታወክ አዮኖስፌር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ያዘለው የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል፣ አለ። ስልክ ላይ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው፤ የሳተላይቱ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሰማያዊዋ ነጥብ ትቅበዘበዛለች።

ይህን ሥራ የጀመርኩት አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። ከቀያሾች፣ ከድሮን አብራሪዎችና ከሾፌሮች ጋር ስነጋገር “ጂፒኤስ እምቢ አለ” ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው “ጃም አድርገውት ነው”፣ ማለትም አፍነውታል፣ የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ማስረጃው ምንድን ነው? ሳተላይት መጥፋቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመሬት ወሰን የሚለካ ሰው በግምት ሥራውን ሲያቆም፣ ወይም ይባስ ብሎ በተበላሸ ልኬት ሲቀጥል ማየት አልፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ስስ የሆነበትን ምክንያት እዚሁ ላስፍረው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚዞሩት ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ዋናው የሲቪል ሲግናል፣ ኤል 1 የሚባለው፣ በ1575.42 ሜጋ ኸርዝ ይመጣል። መሬት ሲደርስ ጉልበቱ ከ1 ሚሊዋት በ128.5 ዴሲቤል ያነሰ ነው፤ በተራ ቁጥር ከአንድ ዋት 7,000 ትሪሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል ማለት ነው። በ2 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ኖይዝ፣ ማለትም ትርጉም የለሽ የሞገድ ጫጫታ፣ ብቻውን ከዚህ ሲግናል ከ50 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መቀበያው ሲግናሉን ከኖይዙ ሥር የሚያወጣው የእያንዳንዱን ሳተላይት ኮድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ኮዱ 1,023 ምልክቶች አሉት፤ በየሚሊሰከንዱም ይደጋገማል። እንግዲህ እንዲህ ላለ ሲግናል ከአንድ ዋት በታች የሚያሠራጭ፣ መኪና ውስጥ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ዕቃ ምን ሊያደርገው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

ኒውርክ ላይ የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ባለው የኒውርክ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ የተተከለው በጂፒኤስ የሚሠራ የማሳረፊያ ሥርዓት በየጊዜው ይቋረጥ ጀመር። ምንጩ በአጠገቡ ባለው አውራ ጎዳና የሚያልፉ ተሽከርካሪዎች የሚይዟቸው ትንንሽ ማፈኛዎች ነበሩ። በ2012 የተያዘ አንድ ሾፌር፣ አሠሪው በመኪናው ጂፒኤስ እንዳይከታተለው ብሎ ነው ማፈኛውን የሰካው፤ ወደ 32,000 ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ተወሰነበት።

ነሐሴ 14

ዕቃዎቹ፦ አንድ ዩ-ብሎክስ ኤም 8 መቀበያ፣ 28 ዴሲቤል የሚያጎላ ባለማጉያ አንቴና፣ አንድ ራስፕበሪ ፓይ 3 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር፣ እና ለብቻው የሞገዱን መልክ የሚያሳየኝ አርቲኤል-ኤስዲአር የምንለው ርካሽ ዶንግል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የሬዲዮ መቀበያ። ዶንግሉ ከ24 እስከ 1766 ሜጋ ኸርዝ ስለሚቀበል ኤል 1 ክልሉ ውስጥ ይገባል። አንቴናው የተቀመጠው ቆርቆሮው ላይ ነው። ይህ ጥሩ ነው፤ ቆርቆሮው ከታች የሚመጣውን ነጸብራቅ ይከላከልልኛል። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ፓወር ባንክ መሀል ገብቷል።

ነሐሴ 19

ዛሬ መልእክቶቹን ማንበብ ቻልኩ። ብዙ ሰው ከዚህ መቀበያ የሚወስደው ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ግን ሰው የማይከፍተው መልእክት ነው፤ የሃርድዌር ሁኔታ መግለጫው። የዩ-ብሎክስ መልእክቶች ሁሉ በ181 እና በ98 ባይቶች ይጀምራሉ። ቀጥሎ የክፍሉ ቁጥር 10፣ የመልእክቱ ቁጥር 9 ከሆነ የምፈልገው እሱ ነው። ይዘቱ 60 ባይት ነው። ከዜሮ ስንቆጥር 16ኛውና 17ኛው ላይ የኖይዝ መጠን፣ 18ኛውና 19ኛው ላይ ኤጂሲ፣ 45ኛው ላይ ደግሞ ከ0 እስከ 255 የሚሄድ የማፈን አመልካች አለ። 22ኛው ባይት ውስጥ ሁለት ቢት ላይ መቀበያው ራሱ “ደህና ነው፣ አስጠንቅቅ፣ አደገኛ” እያለ የሚሰጠው ፍርድ ተቀምጧል። ይህ ፍርድ እንዲሠራ አስቀድሞ ማብራት ያስፈልጋል፤ ካልበራ ሁልጊዜ ዜሮ ነው የሚለው።

የሥራው ልብ ኤጂሲ ነው። ኤጂሲ ማለት መቀበያው የሚገባውን ሞገድ ለቁጥር መለወጫው እንዲመች አድርጎ በራሱ የሚያጎላበት ወይም የሚቀንስበት መቆጣጠሪያ ነው። የሳተላይቱ ሲግናል ከኖይዝ ሥር የተቀበረ ስለሆነ ኤጂሲ ስለ ሳተላይት የሚያውቀው ነገር የለም። የሚያየው የኖይዙን ከፍታ ብቻ ነው። ሰማዩ ላይ አራት ሳተላይት ይኑር አሥራ ሁለት፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። ባዕድ ኃይል ከገባ ግን ወዲያው ማጉያውን ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛው መለኪያዬ ባለሙያዎች ሲ ኤን ኖት የሚሉት፣ የእያንዳንዱ ሳተላይት ሲግናል ከኖይዙ ጋር ሲነጻጸር ያለው ጥንካሬ ነው። ክፍት ሰማይ ላይ ከ35 እስከ 50 ዲቢ ኸርዝ ይሆናል።

ሁለቱን አጣምሮ ማየት ነው ቁም ነገሩ። ሲ ኤን ኖት ወርዶ ኤጂሲም አብሮ ከወረደ፣ ባዕድ ኃይል ገብቷል። ሲ ኤን ኖት ወርዶ ኤጂሲ ካልተነቃነቀ፣ ሲግናሉ መንገድ ላይ ነው የተጎዳው። ኤጂሲ ወርዶ ሲ ኤን ኖት እንዳለ ከቀረ፣ ወይም ጭራሽ ከጨመረ፣ የሐሰት ሲግናል የሚልክ አካል ሊኖር ስለሚችል መጠንቀቅ ነው።

ነሐሴ 26

የወትሮውን ልክ እየያዝኩ ነው። ኤጂሲ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ረፋዱ ላይ ቆርቆሮው ሲሞቅ የአንቴናው ማጉያ ባሕርይ ትንሽ ይለወጥና ኤጂሲውም ይከተለዋል። ከዝናብ በኋላ ድንገት ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ቋሚ ቁጥር አስቀምጦ “ከዚህ ከወረደ ማፈን ነው” ማለት አያዋጣም። ያለፉትን ጥቂት ሰዓታት መካከለኛ እየያዘ በዝግታ የሚከተል መስመር ሠራሁ፤ ድንገተኛ ለውጥ የሚለካው ከዚያ መስመር ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር አየሁ፤ የፓወር ባንኩ ቮልቴጅ ሲደክም ኤጂሲ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። አንቴናው ላይ ያለው ማጉያ ሲደክም ወደ መቀበያው የሚደርሰው ኖይዝ ስለሚያንስ መቀበያው ራሱ አብዝቶ ያጎላል። ወደ ላይ መሄድ የኃይል ወይም የገመድ ችግር ነው፤ ወደ ታች መውረድ የባዕድ ኃይል ነው።

ለዝናቡ ስል ልጻፈው፤ ብዙ ሰው ደመናና ዝናብ ጂፒኤስ ያጠፋል ብሎ ያምናል። በዚህ ክረምት ያየሁት ዝናብ ሁሉ ሲ ኤን ኖት ላይ ከመለኪያዬ ስሕተት የሚበልጥ ለውጥ አላመጣም። በዚህ ፍሪኩዌንሲ የዝናብ ጠብታ ሞገዱን የሚያግደው እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ለሲ ኤን ኖት ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ ቀድሞ ቦታቸው የሚመለሱት በ24 ሰዓት ሳይሆን ወደ 4 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። ትናንት ከረፋዱ 4፡30 ላይ ከደቡብ በኩል ካለው ፎቅ ጀርባ የገባው ሳተላይት፣ ዛሬ 4፡26 ላይ እዚያው ቦታ ይገባል። ስለዚህ የዛሬውን ሲ ኤን ኖት ከትናንቱ፣ በ4 ደቂቃ አንሸራትቼ እቀንሰዋለሁ። የፎቁ፣ የዛፉና የቆርቆሮው ነጸብራቅ የሚያመጡት ነገር ሁሉ ይጠፋና አዲስ የሆነው ብቻ ይቀራል። ለሩሲያው ግሎናስ ተመሳሳዩ ሰማይ የሚመለሰው ከ8 ቀን በኋላ፣ ለአውሮፓው ጋሊሊዮ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ለአሁኑ ይህን ስሌት የምጠቀመው ለጂፒኤስ ብቻ ነው።

ጳጉሜን 2

ዶንግሉን ከፍቼ ኤል 1 አካባቢን ስቃኝ፣ 1575.00 ላይ ቀጥ ያለች ቀጭን መስመር ቆማ አገኘኋት። የጂፒኤስ ሲግናል ከኖይዝ በታች ስለሆነ በዚህ ስክሪን ላይ በጤናማ ቀን ምንም መታየት የለበትም፤ ዝርግ መሆን አለበት። እንግዲህ የምትታይ መስመር ሁሉ ባለቤት አላት።

ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፤ 1575.00፣ ክብ ቁጥር። የሚያሠራጭ ድርጅት ሆን ብሎ እዚህ ላይ አይቀመጥም። 25 በ63 ሲባዛ 1575 ነው። 25 ሜጋ ኸርዝ ደግሞ የኔትወርክ ገመድ የሚሰካባቸው ቺፖች የሚጠቀሙበት የተለመደ የክሪስታል ሰዓት ነው፤ ራስፕበሪ ፓይ 3 ላይ ያለውም እንደዚያው። የዚያ ሰዓት 63ኛ እጥፍ ከኤል 1 መሀል 420 ኪሎ ኸርዝ ብቻ ዝቅ ብሎ፣ የሲግናሉ ዋና አካል ውስጥ ያርፋል። ፓዩን በእጄ ይዤ ከአንቴናው ራቅ ሳደርገው መስመሯ ሰመጠች፤ ሳቀርበው ቀና አለች። ጥያቄው እዚያው ተመለሰ።

ይህ ለሥራው ስጦታ ሆነልኝ። ማፈኛ ሳልገዛ፣ ሕግ ሳልጥስ፣ ከአንድ ክንድ የማያልፍ ጣልቃ ገብ ሞገድ እጄ ውስጥ አለ ማለት ነው። ፓዩን አንቴናው ሥር አስቀምጬ የሆነውን መዘገብኩ። የማፈን አመልካቹ ወዲያው ከፍ አለ፤ ይህ ቁጥር የተሠራው እንዲህ ላሉ ባለአንድ መስመር ሞገዶች ነውና። ኤጂሲ ግን እምብዛም አልወረደም፤ የመስመሯ ጠቅላላ ኃይል ትንሽ ነው። የሚደንቀው ሲ ኤን ኖቱ ነበር፤ ሁሉም ሳተላይቶች አልተጎዱም። በአንድ ጊዜ አንዱ ወይም ሁለቱ ይወርዱና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይነሣሉ፤ ከዚያ ሌላው ይወርዳል። ምክንያቱ የጂፒኤስ ኮድ በየሚሊሰከንዱ ስለሚደጋገም ሲግናሉ በ1 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት በቆሙ ጥቃቅን መስመሮች የተሠራ መሆኑ ነው። ሳተላይቱ ሲንቀሳቀስ በዶፕለር፣ ማለትም እንቅስቃሴው በሚያመጣው የፍሪኩዌንሲ ለውጥ፣ እነዚያ መስመሮች እስከ 5 ኪሎ ኸርዝ ያህል ይንሸራተታሉ። ከሰዓቷ መስመር ጋር የተገጣጠመበት ሳተላይት በዚያች ቅጽበት ይጎዳል፤ የትኛው መስመር ጠንካራ እንደሆነ ደግሞ ከሳተላይት ሳተላይት ይለያያል። ይህን በመጽሐፍ ማንበብና በገዛ ግራፍ ላይ ማየት አንድ አይደሉም።

ፓዩ አሁን በብረት ሣጥን ውስጥ፣ ከአንቴናው በረጅም ገመድ ርቆ ተቀምጧል። መስመሯ አትታይም። ጂፒኤስንና እንዲህ ያሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን አንድ ሣጥን ውስጥ አጭቀው ድሮን ላይ የሚጭኑ ልጆች ይህን ቢፈትሹት እወዳለሁ።

መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመከለል ሙከራ። አንቴናው ላይ ብረት ድስት ደፋሁበት። ሲ ኤን ኖት በሁሉም ሳተላይቶች ላይ በአንዴ ወደቀ፤ ብዙዎቹ ጠፉ። ኤጂሲ ከወትሮው መስመር አልወጣም ማለት ይቻላል። ይህን ያደረግሁት የሚጠበቀውን በዓይኔ ለማረጋገጥ ነው። ቦታ መስጠት ማቆሙን ብቻ የሚያይ ሶፍትዌር ይህን “ታፈነ” ይለው ነበር።

እውነተኛውን ማፈኛ መሞከር አይቻልም፤ መሞከርም የለበትም። በዚህ ሞገድ ላይ ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ወንጀል ነው፤ የሞገድ ፈቃድ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከእኔ ጣሪያ በላይ ደግሞ ወደ ቦሌ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ያልፋሉ። እውነተኛ ማፈን በሕጋዊ መንገድ የሚሞከርባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው፤ በሰሜን ኖርዌይ፣ በአንዶያ ደሴት፣ በመንግሥት ፈቃድ በየዓመቱ የሚካሄደው ጃመርቴስት አንዱ ነው። ለእኔ የሚበቃኝ በፋይል የተቀመጠ የሞገድ ቅጂ ነው። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ያዘጋጀው የስፑፊንግ፣ ማለትም የሐሰት ሲግናል፣ ቅጂዎች ስብስብ ለምርምር ይሰጣል፤ እሱን በሶፍትዌር መቀበያ ላይ አጫውቼ የሐሰት ሲግናል ሲገባ ኃይሉ እንዴት እንደሚነሣ እያየሁ ነው። በአየር ላይ ምንም አይወጣም።

መስከረም 10

በአንድ ጊዜ ብዙ ያስተማረኝ ቀን። ከሰዓት በኋላ ኤጂሲ እንደ ደረጃ ዝቅ ብሎ እዚያው ቀረ። ሲ ኤን ኖት በሁሉም ሳተላይቶች ላይ 3 ዴሲቤል ያህል አብሮ ወረደ። የማፈን አመልካቹ ግን ዝም። ከዚያ ከቆይታ በኋላ ሁሉም በአንዴ ተመለሰ፤ እንደገና ወረደ። ማብሪያ ማጥፊያ የሚነካ ሰው ያለ ይመስላል።

ዶንግሉ በአንድ ጊዜ የሚያሳየኝ 2.4 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ስለሆነ ደረጃ በደረጃ ከ1540 እስከ 1620 ቃኘሁ። መስመር አይደለም፤ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ወደ 30 ሜጋ ኸርዝ የሚሰፋ ጉብታ ነው። ይህን ቅርጽ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቴሌቪዥን ሳተላይት አንድ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ብዙ ቻናሎችን አንድ ላይ የሚያሠራጭ ክፍሉ፣ ነው። ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ ከሰማይ የሚመጣውን ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ወደ 950 እስከ 2150 ሜጋ ኸርዝ አውርዶ ነው በገመድ ወደ ሪሲቨር የሚልከው። ኤል 1 እዚህ መሀል ላይ ተቀምጧል! ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ችግር የለም። ከተላጠና በእጅ ከተገመደ ግን ራሱ አንቴና ይሆናል።

ትንሿን አንቴና ይዤ በጣሪያው ዳር ዳር ሄድኩ። ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ግቢ ስጠጋ ጉብታው ከፍ አለ። ገመዳቸው ከአጥሩ በላይ ያልፋል፤ መሀሉ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ መቀጠያና ትንሽ የመስመር ማጉያ ተንጠልጥሎበታል። ወርጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

“እትዬ፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ቴሌቪዥኑ ላይ ቻናል ቢቀይሩልኝ?”

“ምን ሆነህ ልጄ? እናንተ ጋ እምቢ አለ እንዴ?”

“የለም፣ የኔ ሥራ ላይ ትንሽ ነገር እያሳየኝ ነው። የትኛው እንደሆነ ልለይ ብዬ ነው።”

ቀየሩልኝ። ልጃቸው ስልኬን ይዞ ግራፉን ከሰርቨሩ ላይ ያነብልኝ ነበር። አንዱ ቻናል ላይ ጉብታው አለ፤ ሌላው ላይ የለም። ሪሲቨሩ ቻናል ሲቀየር ወደ ኤልኤንቢው የሚልከውን ቮልቴጅ ከ13 ወደ 18 ይለውጣል፤ ያኔ ገመዱ ውስጥ የሚወርደው የሌላ ፖላራይዜሽን ትራንስፖንደሮች ስብስብ ይሆናል፤ ኤል 1 ላይ የሚያርፈውም ይለወጣል። የማብሪያ ማጥፊያው ምስጢር ይህ ነበር። እትዬ ሻይ ሳያጠጡኝ አልለቀቁኝም። መቀጠያውን በትክክለኛ ኮኔክተር ቀየርኩት፣ ማጉያውንም አነሣሁት፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ አያስፈልጋቸውም ነበር። ምስላቸው አልተበላሸም። የእኔም ኤጂሲ ወደ ቦታው ተመለሰ።

በ2001 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሞስ ላንዲንግ ወደብ የሆነው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። የወደቡ ጂፒኤስ በሙሉ ታወከ፤ ምንጩ ተፈልጎ ሲገኝ ጀልባዎች ላይ የተገጠሙ የቴሌቪዥን አንቴና ማጉያዎች ነበሩ። ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው የለም፤ የተበላሸ ማጉያ ብቻ። የእኔ ጎረቤት ላይ ያለው ከጥቂት ሜትር ባያልፍም፣ አዲስ አበባ ውስጥ ያሉትን ጣሪያዎችና በላያቸው የተተከሉትን ዲሾች ሳስብ፣ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያ የሚተክል ሰው ከሰማዩ ክፍትነት ጋር የዲሽ ገመዱንም አብሮ እንዲመለከት እመክራለሁ።

መስከረም 14

ማታ 2 ሰዓት ገደማ አንድ የቅየሳ ባለሙያ ወዳጄ ደወለ። መሣሪያውን ለረጅም ምልከታ አቁሞት ነበር።

“ስማ፣ እዚህ ሳተላይቱ እየተቆራረጠ ነው። ቀን ላይ ምንም አልነበረም። ጃም ነው አይደል?”

“ቆይ፣ ግራፉን ልየው። የአንተ ላይ ሁሉም ነው የሚቆራረጠው ወይስ እየተራረፈ?”

“እየተራረፈ። አሁን ምዕራብ ያሉት ናቸው።”

የእኔም ያንኑ ነው የሚያሳየው። አንድ ሳተላይት ከ47 ወደ 29 ዲቢ ኸርዝ ይወድቅና በሰከንዶች ውስጥ ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። አጠገቡ ያለው ጸጥ ብሏል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ጸጥ ያለው ተራውን ይናጣል። ኤጂሲ ደግሞ እንደ ተሰመረ መስመር ነው፤ ንቅንቅ የለም። ማፈን ቢሆን ኖሮ ኤጂሲ ይነግረኝ ነበር፤ ደግሞም ለማፈን የሚበቃ ጉልበት ያለው ማፈኛ አንድን ሳተላይት መርጦ አይተውም። ይህ የአዮኖስፌር ሲንቲሌሽን፣ ማለትም የታወከው አዮኖስፌር በሲግናሉ ላይ የሚያመጣው መዋዠቅ፣ ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ የተለየ ቦታ ላይ ነን። የምድር የማግኔት ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ፣ አዲስ አበባን ተጠግቶ ያልፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ የአዮኖስፌሩ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ግን ጥቅጥቅ እንዳለ ይቆያል። ስሱ ከታች፣ ጥቅጥቁ ከላይ ሲሆን ሚዛኑ ይናጋና ባዶ አረፋዎች ወደ ላይ ይወጣሉ። አረፋዎቹ የማግኔት መስመሮችን ተከትለው ከሰሜን ደቡብ ይዘረጋሉ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅም ይጓዛሉ፤ ወዳጄ መጀመሪያ ምዕራብ ያሉትን ያጣው ለዚህ ነው። ውስጣቸው ያለው፣ በጥቂት መቶ ሜትር የሚለካ መዘበራረቅ የኤል 1ን ሞገድ ይበትነዋል። በእኛ አካባቢ ይህ የሚበረታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ በመስከረምና በመጋቢት ዙሪያ ነው፤ ፀሐይ በምትነቃቃበት ዓመት ደግሞ ይብሳል። ዘንድሮ ሁለቱም ተገጣጠሙ።

ወዳጄን ያልኩት፦ “ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ምልከታ ተጠቀም፣ ከማታ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጣለው። መሣሪያህ ደህና ነው፣ ማንም አላፈነህም።” ጠዋት ላይ ውጤቱ ተስተካክሎ እንደመጣለት ነገረኝ።

መስከረም 23

ሲንቲሌሽኑን በቁጥር ለመያዝ ኤስ 4 የሚባለውን መለኪያ በግርድፉ እያሰላሁ ነው። ሲ ኤን ኖቱን ከዴሲቤል ወደ ተራ ቁጥር እመልስና በ60 ሰከንድ ውስጥ ያለውን መዋዠቅ ለአማካዩ አካፍላለሁ። ትክክለኛዎቹ የሲንቲሌሽን መቀበያዎች በሰከንድ 50 ጊዜ ይለካሉ፤ የእኔ በሰከንድ አንዴ ነው፣ ደግሞም ሲ ኤን ኖቱን በሙሉ ቁጥር ብቻ ይሰጠኛል። ስለዚህ ለሳይንስ ጽሑፍ አይበቃም። ማታ ላይ ግን ልዩነቱ አያሳስትም፤ ጸጥ ያለ ቀን 0.1 አካባቢ ያለው፣ በመስቀል ሰሞን ማታ ማታ 0.5ን ዘለለ። ከማፈን ለመለየት ይህ ይበቃኛል።

ጥቅምት 7

ከትናንት ወዲያ፣ ጥቅምት 5፣ ናሳና የአሜሪካ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ፀሐይ ወደ ዑደቷ ከፍተኛ ደረጃ መድረሷን በይፋ አስታወቁ። የማታ ግራፎቼ ያለ ምክንያት አልነበረም የሚናጡት።

ደንቡን አሁን በፓይተን ጽፌዋለሁ። ኤጂሲ ከወትሮው መስመር ከ15 በመቶ በላይ ከወረደ፣ በዚያው 5 ሰከንድ ውስጥም ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍታ ያላቸው ሳተላይቶች መካከለኛ ሲ ኤን ኖት ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰማይ በ5 ዴሲቤል ካነሰ፣ “ባዕድ ኃይል” ብሎ ይመዘግባል። ኤጂሲ ቀጥ ብሎ ሳተላይቶቹ በተናጠል ከተናጡ “አዮኖስፌር”፤ በአንድ ላይ ከወደቁ “መከለል”። ዝቅተኛ ሳተላይቶችን ያስወጣኋቸው ፎቁና ዛፉ ብዙ ስለሚያሳስቷቸው ነው። ቁጥሮቹ ለእኔ ጣሪያና ለእኔ መቀበያ ናቸው፤ ሌላ ሰው እንዳለ ቢገለብጣቸው አይሠሩለትም። መጀመሪያ የራሱን የወትሮ ልክ መያዝ አለበት።

ዕቃ የሌለው ሰው በስልኩ መጀመር ይችላል። ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ ስልኩ ከፈቀደ የኤጂሲ ቁጥር ለመተግበሪያዎች ይሰጣል፤ የጉግል ጂኤንኤስኤስ ሎገር ይህን በፋይል ያስቀምጣል። ሁሉም ስልክ አይሰጥም፤ የሚሰጥ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ አስቀምጦ ለተወሰነ ጊዜ መመዝገብ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፦ ባለፈው ሚያዝያ መጨረሻ የፊንላንዱ አየር መንገድ ፊንኤር ወደ ኢስቶኒያዋ ታርቱ የሚያደርገውን በረራ ለአንድ ወር አቋርጦ ነበር። አውሮፕላኖቹ በሰላም ይበሩ ነበር፤ ችግሩ የታርቱ ማረፊያ ሥርዓት በጂፒኤስ ላይ ብቻ የቆመ መሆኑ ነው። ሌላ የማረፊያ መንገድ ሲዘጋጅ በረራው ተመለሰ። ይህን የጻፍኩት ለሚቀይሱትም ጭምር ነው፤ ጂፒኤስ እምቢ ሲል የሚሠራበት ሁለተኛ መንገድ፣ ቶታል ስቴሽንም (ያለ ሳተላይት ማዕዘንና ርቀት የሚለካ መሣሪያ) ይሁን የታወቁ ነጥቦች፣ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ጥቅምት 19

የዶንግሉን ሞገድ ዙሪያውን እየጻፈ በራሱ ላይ የሚደርብ ማከማቻ ሠራሁ። በሰከንድ 2.4 ሚሊዮን ናሙና፣ እያንዳንዱ 2 ባይት፣ በሰከንድ 4.8 ሜጋ ባይት ነው። ያለፉትን 10 ሰከንዶች ብቻ በሚሞሪ ይይዛል፤ ደንቡ “ባዕድ ኃይል” ሲል እነዚያን 48 ሜጋ ባይቶች ወደ ዲስክ ያወርዳል። ለመኪና የሚሸጡት ማፈኛዎች አብዛኞቹ በአንድ ፍሪኩዌንሲ አይቆሙም፤ በአሥር ማይክሮ ሰከንድ አካባቢ ከጫፍ ጫፍ እየጠረጉ ይመላለሳሉ። ረጅም አማካይ ሲወሰድ ተራ ኖይዝ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በጣም አጭር በሆነ መስኮት ሲታዩ፣ በእኩል ርቀት የሚደጋገሙ ምቶች ሆነው ነው። ጥሬውን ሞገድ የማስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ኤጂሲ መኖሩን ይነግረኛል፣ ቅጂው ምንነቱን።

የሚቀረው ሁለተኛ ጣቢያ ነው። ወዳጄ ሲኤምሲ ያለው ቢሮው ጣሪያ ላይ አንድ መቀበያ እንዳስቀምጥ ፈቅዶልኛል፤ ሣጥኑን እያዘጋጀሁ ነው። የመኪና ማፈኛ አንዱን ጣቢያ ነክቶ ሌላውን ላይነካ ይችላል፤ አዮኖስፌሩ ግን ሁለቱንም በአንድ ምሽት ያገኛቸዋል። ሰዓታቸው ከጂፒኤስ ስለሚመጣና የምንጠራጠረውም እሱን ስለሆነ፣ በኢንተርኔት የሚስተካከል ሰዓት ከጎኑ እየመዘገብኩ ነው። የእሱ ጣሪያ ላይም ዲሽ አለ፤ ከገመዱ እጀምራለሁ።